በር የሚያንኳኳው ልጅ ትርፍ ወጪ ነው ላላችሁ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ በየስልካችን ሲዞር ሰነበተ። ለእኔ ብቻ ሦስት ሰው ልኮልኛል፤ ሦስቱም “ይሄ ያንተን ነገር ነው የሚነካው፣ አንብበው” ብለው። አነበብኩት። ሁለቴ አነበብኩት። ነገሩ ስለ አሜሪካ ፕሬዚዳንታዊ ፕራይመሪ ነው፤ ፓርቲዎቹ ለኖቬምበሩ ዋና ምርጫ ዕጩአቸውን ስለሚለዩበት ውድድር፣ በተለይም አንድ ተወዳዳሪ ለዚያ ውድድር ሰው እንዴት መቅጠር እንዳለበት።

ጸሐፊው የሚለው ባጭሩ እንዲህ ነው። ለሜዳ ሠራተኛ፣ በየሰፈሩ በር እያንኳኳና ስልክ እየደወለ ደጋፊ ለሚያደራጅ ሰው፣ የሚወጣ ገንዘብ ውኃ ውስጥ እንደ መጣል ነው። በ2020 የዴሞክራቶች ዕጩ ለመሆን የተወዳደረው ባለሀብቱ ብሉምበርግ ሰው አግበስብሶ ወደቀ፤ ትራምፕና ባይደን ግን ብዙ ሰው ሳይቀጥሩ አሸነፉ። አሁን ሥራውን ስልክና ኮምፒውተር ይሠራዋል፣ የቀረውን ለኮንትራክተር መስጠት ይቻላል። ገና ከኮሌጅ የወጣ ልጅ ከመቅጠር ጥቂት የበሰሉ አማካሪዎች ይሻላሉ። በር ለማንኳኳት በጎ ፈቃደኛ ይበቃል፤ ደሞዝና የሠራተኛ ማኅበር ቅንጦት ነው። መጨረሻ ላይ ደግሞ ወደ እኛ ይዞርና፣ ሐበሻ በዚህ ሥራ ቦታ የለውም፣ አትልፉ ይለናል።

እኔ በ2020 ላስ ቬጋስ ውስጥ በአንድ ተወዳዳሪ ዘመቻ ሠርቻለሁ። መጀመሪያ በነጻ፣ በኋላ በደሞዝ። የማን ዘመቻ እንደነበር አልጠራም፤ ቅሬታም ስላለኝ ስም ማንሳት አልፈልግም። ግን ይህንን የምጽፈው ከዳር ቆሜ እያየሁ አይደለም። ያገባኛል።

ከብሉምበርግ ልጀምር፤ የጽሑፉ ትልቁ ማስረጃ እሱ ነውና። እውነት ነው፣ ሰውዬው ከ2,000 በላይ ሠራተኛ ቀጥሯል። ለአንድ የሜዳ አደራጅ በወር 6,000 ዶላር ይከፍል ነበር፤ ሌሎቹ ከሚከፍሉት እጥፍ ገደማ መሆኑ ነው። በጠቅላላው ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ አወጣ። ብዙ ግዛቶች በአንድ ቀን በሚመርጡበት በማርች 3ቱ ሱፐር ቱዝደይ ያሸነፈው ትንሿን የደሴት ግዛት አሜሪካን ሳሞዋን ብቻ ነበር፣ በማግስቱም ወጣ። እስከዚህ ድረስ ጸሐፊው ትክክል ነው።

ያልነገረን ግን ቀኑን ነው። ብሉምበርግ ውድድሩን የተቀላቀለው ኖቬምበር 24፣ 2019 ነው። የመጀመሪያዎቹን አራት ግዛቶች፣ አዮዋን፣ ኒው ሃምፕሻየርን፣ ኔቫዳንና ሳውዝ ካሮላይናን፣ ሆን ብሎ ዘለላቸው። ያን ሁሉ ሰው የቀጠረው በሦስት ወር ውስጥ ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። አንድ ሰፈር ገብቶ የሰው ስም ለማወቅ፣ ማን ከማን ጋር እንደሚነጋገር፣ ማን ከማን ጋር እንደተኳረፈ ለመረዳት ሦስት ወር ምን ትበቃለች? ለሠራተኞቹ ደግሞ እስከ ኖቬምበር ሥራ አላችሁ ተብሎ ነበር፤ ማርች ላይ ሲባረሩ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ። ይሄ ሰው መቅጠር አይጠቅምም የሚል ታሪክ ሳይሆን፣ ሰውን እንደ ዕቃ በጅምላ ገዝቶ በጅምላ የመጣል ታሪክ ነው። ሁለቱ ይለያያሉ።

ጸሐፊው ብሉምበርግን ሲያነሳ ኦባማን ለምን ዘለለው? ኦባማ ዘመቻውን ያወጀው ፌብሩዋሪ 10፣ 2007 ነው። የአዮዋ ካውከስ፣ ዕጩ የሚለይበት የሰፈር ስብሰባ፣ የተካሄደው ጃንዋሪ 3፣ 2008። መሃሉ አሥራ አንድ ወር ገደማ ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ 99 ካውንቲ ባላት በዚያች የገበሬ ግዛት 37 ቢሮ ከፈቱ። ትንንሽ ከተማ ውስጥ፣ ድሮ ሱቅ በነበረ ባዶ ቤት፣ አንድ ጠረጴዛና ሁለት ስልክ ይዘው የተቀመጡ ልጆች ነበሩ። በ2004 የዴሞክራቶቹ ካውከስ ላይ የተገኘው ሰው 125,000 ያህል ነበር። በ2008 ወደ 239,000 ደረሰ። እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው። ያ ሁሉ አዲስ ሰው በቴሌቪዥን ማስታወቂያ ብቻ በጃንዋሪ ብርድ ከቤቱ ወጣ ማለት ይከብደኛል፤ ማስታወቂያውን ተፎካካሪዎቹ እነ ሂላሪና ኤድዋርድስም ያስነግሩ ነበር።

ካውከስ ምን እንደሆነ ላላየ ሰው ትንሽ ላስረዳ፣ ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነውና። ማታ ላይ የሰፈሩ ሰው ትምህርት ቤት ወይም ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ይሰበሰባል። በዴሞክራቶቹ የዚያን ጊዜ አሠራር፣ አዮዋ ውስጥ እስከ 2020 ድረስ፣ የአንዱ ደጋፊዎች አንድ ጥግ፣ የሌላው ሌላ ጥግ ይዘው ይቆሙ ነበር። በአብዛኛው ቦታ 15 በመቶ ያልሞላ ቡድን ይፈርስና ሰዎቹ ሌላ ጥግ ይፈልጉ ነበር። በዚያች ሰዓት መሃል ላይ ቆማ የምታመነታ ሴት አለች እንበል። “ነይ እኛ ጋ” የምትላት ማን ናት? ልጆቿን አብራት ትምህርት ቤት የምታደርሰው ጎረቤቷ ናት። ያቺን ጎረቤት ከስድስት ወር በፊት ያገኛት፣ ቡና የጠጣ፣ ሦስት ጊዜ ተመልሶ የመጣ፣ ምን እንደምትል ያሠለጠናት ደግሞ ያ ትርፍ ወጪ የተባለው ልጅ ነው።

በኖቬምበር ምርጫ ላይ ብዙው ሰው ፓርቲውን ያውቃል፣ ልቡ አስቀድሞ ተቆርጧል። በፕራይመሪ ግን ሁሉም ተወዳዳሪ የአንድ ፓርቲ ነው፤ የሚያጣላ ትልቅ ልዩነት ላይኖር ይችላል፣ የሚመጣውም ሰው ጥቂት ነው። ጥቂት ሰው በሚወስንበት ቦታ አንድ አደራጅ ያመጣቸው ሃምሳ ሰዎች ሚዛን ይደፋሉ። ማስረጃ ከተፈለገ አይዳሆን ማየት ነው። ፌብሩዋሪ 5፣ 2008 በአይዳሆ ካውከስ የወጣው ሰው 21,000 ገደማ ነበር። የኦባማ ዘመቻ እዚያ ቢሮ ከፍቶ ሠራተኛ አስቀምጦ ነበር፣ የሂላሪ ዘመቻ አልነበረም። በፓርቲው ጉባኤ ዕጩውን ከሚመርጡት ተወካዮች ኦባማ 15 ወሰደ፣ ሂላሪ 3። ልዩነቱ 12። በዚያው ቀን ሂላሪ ኒው ጀርሲን ከ600,000 በላይ ድምፅ አግኝታ አሸነፈች፤ በተወካይ 59 ለ48፣ ልዩነቱ 11። አንድ ትልቅ ግዛት ውስጥ በዚያ ሁሉ ድምፅ ያገኘችውን ብልጫ፣ ድንች በሚበቅልባት ግዛት የተቀመጡ ጥቂት ልጆች አጠፉት። ይህንን ሳስብ እስካሁን ይገርመኛል።

ለጸሐፊው ፍትሐዊ ለመሆን አንድ እሱ ያላነሳውን ማስረጃ ልጨምርለት። በ2004 የዴሞክራቶች ዕጩ ለመሆን የተወዳደረው ሃዋርድ ዲን ወደ አዮዋ 3,500 በጎ ፈቃደኛ ከሌላ ግዛት አስገብቶ ነበር፤ ብርቱካንማ ኮፍያ ያደረጉ። ሦስተኛ ወጣ፣ በ18 በመቶ። አንደኛ የወጣው ኬሪ 38 አገኘ። ስለዚህ የሰው ብዛት ብቻውን አያሸንፍም ቢል ኖሮ እጄን አውጥቼ እስማማ ነበር። የአዮዋ ሰው በሩን ከፍቶ የሚያየው ኮፍያ ያደረገ እንግዳ ሲሆን፣ ሻንጣውን ይዞ ነገ እንደሚሄድ ያውቃል። ጥያቄው ስንት ሰው ተቀጠረ የሚለው ብቻ አይደለም። መቼ ተቀጠረ? ከየት መጣ? ማን ያውቀዋል? ጽሑፉ እነዚህን አንዱንም አልጠየቀም።

አሁን ወደ ትራምፕ። በ2016 ትንሽ ሠራተኛ ነበረው፣ እውነት ነው፤ ስሙን ግን አሜሪካ ሁሉ ለዓመታት በቴሌቪዥን ያውቀዋል። እንዲህ ያለ ስም ያለው ተወዳዳሪ በስንት ዓመት አንዴ ይመጣል? ያም ሆኖ በዚያ ዓመት አዮዋ ላይ በቴድ ክሩዝ ተሸንፏል፤ ክሩዝ 27.6፣ ትራምፕ 24.3 በመቶ። ክሩዝ እዚያ በየካውንቲው ሰው ነበረው። ኤፕሪል ላይ ኮሎራዶ በጉባኤ ተወካይ ስትመርጥ ደግሞ ክሩዝ በዚያ ሂደት የሚመረጡትን 34 ተወካዮች ጠቅልሎ ወሰደ። ትራምፕም በማርች መጨረሻ የተወካይ ቆጠራ የሚያውቅ ሰው ብሎ ፖል ማናፎርትን ለመቅጠር ተገደደ። በ2024ስ? አዮዋ ውስጥ በየምርጫ ጣቢያው ነጭ ኮፍያ ያደረጉ የራሱን ካፕቴኖች፣ ማለትም የሰፈር አስተባባሪዎች፣ አሰማርቶ 51 በመቶ አገኘ። ሰውዬው ራሱ ከተማረበት ነገር ጸሐፊው ሊማር አለመፈለጉ ነው የከነከነኝ።

ባይደን ላይ ግን ጸሐፊው ከፊል እውነት አለው፣ አልክድም። አዮዋ አራተኛ፣ ኒው ሃምፕሻየር አምስተኛ፣ ኔቫዳ ሁለተኛ ወጥቶ ነበር። የሳውዝ ካሮላይናው የኮንግረስ አባል ጂም ክላይበርን ፌብሩዋሪ 26 ድጋፉን ሰጠው፣ ሳውዝ ካሮላይናን በሰፊው አሸነፈ፣ ተፎካካሪዎቹ ቡቲጄጅና ክሎቡሻር ለእሱ ለቀቁለት፣ ከዚያ በሱፐር ቱዝደይ ከ14 ግዛት 10 ወሰደ። ብዙም ሠራተኛ ያልነበረው ማሳቹሴትስ ሳይቀር። ግን 36 ዓመት ሴናተር፣ 8 ዓመት ምክትል ፕሬዚዳንት ለነበረ ሰው የሆነውን ለማንም ይሆናል ብሎ መምከር ልክ አይደለም። ክላይበርንም ቢሆን በግዛቱ ሰው ዘንድ የሚታወቅና የሚታመን ሰው ስለሆነ ነው ቃሉ የሠራው። የታመነ ሰው ለጎረቤቱ ሲናገር የሚሆነው ነው የሆነው፤ ደሞዙን ዘመቻው አልከፈለውም እንጂ።

ስልክና ኮምፒውተር ይሠራዋል፣ የቀረውን ለኮንትራክተር ስጡት የሚለውን በሁለት ነገር ልመልስ። አንደኛው የሪፐብሊካን ዕጩ ለመሆን የተወዳደረው ዴሳንቲስ ነው። በ2024 ውድድር በር የማንኳኳቱን ሥራ በአብዛኛው የሠራለት ከዘመቻው ውጭ ያለ ሱፐር ፓክ ነው። ሱፐር ፓክ ያለ ገደብ ገንዘብ ይሰበስባል፣ ግን በጊዜው ከተወዳዳሪው ጋር ስልት መመካከር በሕግ ተከልክሎ ነበር። በር የሚያንኳኳው ሠራተኛ አንድ ቦታ፣ የዘመቻው አለቃ ሌላ ቦታ፤ እርስ በርስ መነጋገር የለም። ዴሳንቲስ 99ኙንም ካውንቲ ዞሮ አዮዋ ላይ ያገኘው 21 በመቶ ነው። በሳምንቱ ወጣ።

ሁለተኛው በዓይኔ ያየሁት ነው። እኔ የሠራሁበት ዘመቻ በአማርኛ በራሪ ወረቀት አሳትሞ ነበር። ደስ አለኝ መጀመሪያ። ሳነበው ግን ፓርቲ የሚለው ቃል ድግስ ተብሎ ተተርጉሟል። ኮምፒውተር ነው የተረጎመው፣ ቢሮው ውስጥ አማርኛ የሚያነብ አንድ ሰው ስላልነበረ ማንም አላየውም። አንዲት እናት ወረቀቱን ይዘው “ልጄ፣ የማን ሠርግ ነው?” አሉኝ። ከልባቸው ነው የጠየቁኝ። ያን ወረቀት በመቶዎች አድለነዋል። አንድ ሐበሻ ሠራተኛ ቢቀጠር ኖሮ በሁለት ደቂቃ የሚስተካከል ነገር ነበር።

ስለ ሰው እጥረት ሳነሳ የ2012ቱን ቨርጂኒያንም ማለፍ አልችልም። የሪፐብሊካን ተወዳዳሪ የምርጫ ወረቀት ላይ ስሙ እንዲሰፍር 10,000 ፊርማ ያስፈልገው ነበር፤ ከ11ዱ የኮንግረስ ወረዳዎች ከእያንዳንዱ ቢያንስ 400። ጊንግሪች፣ ያውም ራሱ ቨርጂኒያ ውስጥ የሚኖረው፣ አላሟላም። ሳንቶረምም አልቻለም፣ ፔሪም። ወረቀቱ ላይ የቀረቡት ሮምኒና ሮን ፖል ብቻ ናቸው። ፊርማ የሚሰበስብ፣ የሚቆጥር፣ ቀን የሚከታተል ሠራተኛ ካልቀጠርክ ስምህ ወረቀቱ ላይም አይወጣም። ይህንን የትኛው ስልክ ይሠራልሃል?

ወጣቶቹን በተመለከተ ጸሐፊው የጻፈው አበሳጭቶኛል። ማርች 18፣ 2008 ኦባማ ፊላደልፊያ ላይ ስለ ዘር ባደረገው ንግግር መጨረሻ ላይ፣ ሳውዝ ካሮላይና ፍሎረንስ ከተማ ውስጥ ስለምታደራጅ አሽሊ ስለምትባል የ23 ዓመት ነጭ ወጣት አንስቶ ነበር። ስብሰባ ላይ ሁሉም ለምን እንደመጣ በየተራ ሲናገር፣ አንድ ጥቁር ሽማግሌ ስለ ኢኮኖሚ አላሉም፣ ስለ ጦርነት አላሉም፣ ስለ ኦባማም አላሉም። የመጣሁት በአሽሊ ምክንያት ነው አሉ። ሌላ ምን ልጨምር? ልምድ ያለው አማካሪ ያስፈልጋል፣ አዎ። ግን አማካሪ ዋና ቢሮ ቁጭ ብሎ ነው ሥራውን የሚሠራው፤ እኒያ ሽማግሌ ለማንም አማካሪ ብለው ከቤታቸው አይወጡም።

ደሞዝ ቅንጦት ነው ለሚለው መልሴ አጭር ነው። በማርች 2019 ለ2020 ዕጩነት ይወዳደር የነበረው የሳንደርስ ሠራተኞች በማኅበር ተደራጁ፤ በትልልቆቹ ፓርቲዎች የፕሬዚዳንት ዘመቻ ታሪክ የመጀመሪያው ነበር። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ግን የሜዳ ሠራተኞቹ 36,000 ዶላር የዓመት ደሞዝ በሳምንት 60 ሰዓት ለሚሠራ ሰው ሲካፈል፣ ተወዳዳሪው ለአገሩ ሁሉ ከሚጠይቀው 15 ዶላር በሰዓት በታች ነው ብለው ጠየቁ። ትክክል ነበሩ። እኔ በበኩሌ የቤንዚን ወጪዬን እንደሚመልሱልኝ ተነግሮኝ ገንዘቡ የመጣው ሁሉም ነገር ካለቀ ከወራት በኋላ ነው። ወላጅ የሚደጉመው ልጅ ይህንን ይችለዋል። ቤት ኪራይ የሚከፍል፣ ወደ አገር ቤት ገንዘብ የሚልክ የእኛ ልጅ አይችለውም። በነጻ ይሠራ ሲባል ማን እንደሚቀርና ማን እንደሚወጣ እዚህ ላይ ነው የሚታየው።

ሐበሻ ቦታ የለውም ወዳለው ልምጣ። ቬጋስ ያለው የእኛ ሰው ታክሲ ይነዳል፣ ካዚኖ ውስጥ ካርታ ያከፋፍላል፣ ሆቴል ያጸዳል፣ ፓርኪንግ ይሠራል። ብዙው የሌሊት ፈረቃ ነው። በኛ አካባቢ የተመደበው አደራጅ ከሌላ ግዛት የመጣ ጥሩ ልጅ ነበር፣ ትጉህ፣ ግን ስልክ የሚደውለው ረፋድ ላይ ነበር፤ ሰው ሌሊቱን ሠርቶ ገና በተኛበት ሰዓት። ማንም አያነሳለትም፤ እሱም ‘ፍላጎት የላቸውም’ ብሎ መዝገብ ላይ ይጽፋል። አንድ ቀን ከጎኑ ተቀምጬ ዝርዝሩን ወስጄ ከምሽቱ በፊት፣ ፈረቃ ሳይገቡ፣ ደወልኩ። በአማርኛ። አብዛኛው አነሳ።

በዚያ ዓመት ኔቫዳ ከፌብሩዋሪ 15 እስከ 18 አስቀድሞ መምረጥ ፈቅዳ ነበር። ወረቀቱ ላይ ግን አንድ ሰው ብቻ መጻፍ አይበቃም፤ ቢያንስ ሦስት ምርጫ በቅደም ተከተል ያስፈልጋል። ስለ ሠርጉ የጠየቁኝ እናት ቤት ቡና ተፈልቶ ስምንት ሰው ተቀምጧል። “አንድ ሰው ነው የምፈልገው፣ ሦስት ለምን ይጠይቁኛል?” አሉ። “እማማ፣ አቦል ጠጥተው ቶናውና በረካው ሳይመጣ ይነሳሉ?” አልኳቸው። “ምን ሲደረግ!” አሉ። በካርቶን ጀርባ ላይ ወረቀቱን ሣልኩላቸው፤ አቦል አንደኛ፣ ቶና ሁለተኛ፣ በረካ ሦስተኛ። ከዚያ በኋላ እኔ ማስረዳት አላስፈለገኝም። ለማኅበራቸው ሰው ሁሉ በዚያው መንገድ እሳቸው አስረዱ፤ ቅዳሜ ረጅሙን ሰልፍ ሰባት ሰው አስከትለው መጡ።

ለመቀጠር ዜግነት ያስፈልጋል የሚል ወሬም አለ፣ ጽሑፉም ይህንኑ ደግሞታል። ስህተት ነው። ግሪን ካርድ ያለው ሰው በፌዴራል ምርጫ ዘመቻ ተቀጥሮ ደሞዝ ማግኘትም፣ ገንዘብ ማዋጣትም ይችላል። ግሪን ካርድም ዜግነትም የሌለው ሰው ገንዘብ መስጠትና በዘመቻው ውሳኔ መሳተፍ አይፈቀድለትም፤ ያለ ክፍያ በር ማንኳኳትና ስልክ መደወል ግን ይችላል። ለ2028 የሚወዳደሩት ዘመቻዎች በቀደሙት ግዛቶች ሰው መቅጠር የሚጀምሩት ከዚያ በፊት ባለው ዓመት ነው። ልጆቻችሁ ማመልከት ከፈለጉ ያመልክቱ። አማርኛ መናገራቸውን ከላይ ይጻፉት።

ካውከሱ ፌብሩዋሪ 22 ተካሄደ። በሁለተኛው ቀን ቢሮው ተዘጋ፣ ጥሩው ልጅም ሻንጣውን ይዞ ወደ ሌላ ግዛት ተላከ፣ ያን ሁሉ የስልክ ዝርዝር ማን እንደወሰደው አላውቅም። ኦክቶበር ላይ ለዋናው ምርጫ ወረቀት በፖስታ በየቤቱ ሲላክ ስልኬ ጮኸ። እኒያ እናት ናቸው።

“ይሄኛውስ ስንት ሰው ነው የሚያስመርጠው?” አሉኝ።

“አንድ ብቻ ነው እማማ።”

“እርግጠኛ ነህ? ና እስኪ እየው፣ ቡና ጥጃለሁ።”

መኪናዬን አስነስቼ ሄድኩ።